ፕሮግራም ከፓኬጅ መጫን ወይስ ከምንጭ ኮዱ መሥራት?

የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንዱ ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችለው ምንጭ ኮድ ነው፤ ሌላው ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚፈጽመው የዜሮና የአንድ ድርድር። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው የሚለውጠው፣ ራሱም ፕሮግራም የሆነ ኮምፓይለር ነው። ዊንዶውስ ወይም አንድሮይድ የሚጠቀም ሰው ይህን ሥራ አያየውም፤ የሚያወርደው ሌላ ሰው ኮምፓይል አድርጎ የጨረሰውን ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነው ሊነክስ ላይ ግን ምርጫ አለ፤ የተዘጋጀውን ፓኬጅ መጫን ወይም ኮዱን አውርዶ በገዛ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል ማድረግ።

ኮምፓይል የማድረጉ ልማድ ከሊነክስም ይቀድማል። ሊነክስ አርአያው ባደረገው በዩኒክስ የሚሠሩ የድሮ ማሽኖች ፕሮሰሰራቸው እንደ አምራቹ ይለያይ ስለነበር ለአንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ኮዱን መስጠትና ቀሪውን ለተቀባዩ መተው ይቀል ነበር። አካሄዱ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ኮዱ ከታሸገበት ፋይል ከተፈታ በኋላ በተለመደው መንገድ ሦስት ትእዛዞች ይከተላሉ። «ኮንፊገር» ኮምፓይለርና አስፈላጊ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ስብስቦች) መኖራቸውን ይፈትሻል፤ «ሜክ» ኮዱን ፋይል በፋይል ኮምፓይል ያደርጋል፤ «ሜክ ኢንስቶል» ውጤቱን በየቦታው ያስቀምጣል።

ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። አንድ ላይብረሪ ከጎደለ ሥራው ይቆማል፤ ያን ላይብረሪ ለማምጣት ሲሞከር እሱም በተራው ሌላ ይጠይቃል። የባሰው ደግሞ ፕሮግራሙን ማጥፋት ሲፈለግ ይመጣል፤ የትኛው ፋይል የት እንደገባ የመዘገበ የለም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላለ ሰው አንድ መጽናኛ አለ፤ «ሜክ» ተቋርጦ እንደገና ሲነሳ ያለቁትን ፋይሎች ዘልሎ ቀሪዎቹን ብቻ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ከተጠቃሚው ትከሻ ያወረደው ፓኬጅ ነው። በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሳው ዴቢያን፣ ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረተው የሊነክስ ስርጭት ነው፤ ስርጭት ሊነክስን ከፕሮግራሞች ጋር አቀናጅቶ የሚያቀርብ ነው። አንድ የዴቢያን ፓኬጅ ኮምፓይል የተደረገውን ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ፋይል የሚቀመጥበትን ቦታና ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን የሌሎች ፓኬጆች ስም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የወጣው አፕት የተባለው መሣሪያ ዝርዝሩን አንብቦ የጎደለውን ሁሉ ራሱ ያወርዳል፤ ማጥፋትም በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት። ኡቡንቱ የተባለው ስርጭትም የተገነባው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

የፓኬጅ ትልቁ ጥቅም ግን ምቾቱ ሳይሆን እድሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የኢንተርኔት ምስጢር ጠባቂ ላይብረሪ ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ፓኬጅ የሚጠቀሙ ሰዎች የታረመውን ቅጂ በተለመደው እድሳት አገኙ። ላይብረሪውን በእጁ ኮምፓይል ያደረገ ሰው ግን ዜናውን ራሱ ሰምቶ፣ አዲሱን ኮድ አውርዶ ሥራውን መድገም ነበረበት። ከምንጭ የተሠራ ፕሮግራም ባለቤቱ ካላስታወሰው ማንም አያስታውሰውም።

ፓኬጅም ጉድለት አለው። ዴቢያን አዲስ የተረጋጋ እትም የሚያወጣው በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ በመሆኑ ፕሮግራሞቹ ያረጃሉ። ፓኬጁ የተዘጋጀለት ዓይነት ፕሮሰሰር ባለው በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ስለሚፈለግም፣ ኮምፓይል የሚደረገው አሮጌ ፕሮሰሰሮች ጭምር ለሚያውቁት የትእዛዝ ስብስብ ነው። ለገዛ ፕሮሰሰር ኮምፓይል ማድረግ ያፈጥናል የሚለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ክርክሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ተጋኗል። ፍጥነት የሚያስፈልጋቸው ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሱ ፕሮሰሰሩን መርምረው የሚስማማውን ኮድ ይመርጣሉ፤ ለጽሑፍ ማዘጋጃ ደግሞ ልዩነቱ አይታይም።

ሁሉንም ከምንጭ በመሥራት የታወቀው ዳንኤል ሮቢንስ የጀመረው ጄንቱ የተባለው የሊነክስ ስርጭት ነው። የጄንቱ ተጠቃሚ በፕሮግራሙ ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ራሱ ይወስናል፤ ለምሳሌ የድምፅ ወይም የማተሚያ ድጋፍ የማይፈልግ ያስቀረዋል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ አንድ ዘመናዊ ብራውዘር ለብቻው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ጄንቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የተዘጋጁ ፓኬጆችን በስፋት ማቅረብ መጀመሩን ማሳወቁ ብዙ ይናገራል።

የቀረው ጥያቄ የእምነት ነው። ፓኬጁ በዲጂታል ፊርማ ታትሞ ስለሚመጣ በመንገድ ላይ ቢነካካ ይታወቃል፤ ያዘጋጀውን ሰው ግን ማመን ግድ ነው። ኮዱን ራስ መሥራት ይህን ችግር የሚፈታ ይመስላል። ነገር ግን ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ንግግሩ፣ የተበከለ ኮምፓይለር ከንጹሕ ኮድ የተበከለ ፕሮግራም ሊያወጣ እንደሚችል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የተጋለጠው የኤክስዜድ ጉዳይም ትምህርት ነው። በዚህ የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የጀርባ በር፣ ማለትም ሆን ተብሎ የተሰወረ መግቢያ፣ ተገኘ። ተንኮሉን የሚያስነሳው ስክሪፕት በይፋዊው የኮድ ማኅደር ውስጥ ሳይሆን ለማውረድ በታሸገው ፋይል ውስጥ ነበር፤ ሥራውን የሚጀምረውም የዴቢያን ወይም አርፒኤም የተባለው ሌላ ዓይነት ፓኬጅ እየተዘጋጀ መሆኑን ሲያይ ነው። በእጁ ኮምፓይል ያደረገ ሰው ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ የሚያመልጠው ግን ኮዱን ስላነበበ ሳይሆን ስላልታለመበት ነው። ያጋለጠው አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ወደ ኮምፒውተሩ በርቀት ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ነው።

ዴቢያንና ሌሎች ፕሮጀክቶች የሚከተሉት መፍትሔ ፓኬጁን ከኮዱ ጋር ማስተያየት ነው። ማንም ሰው ከዚያው ኮድ፣ በዚያው ሁኔታ ኮምፓይል ሲያደርግ ቢት በቢት አንድ ዓይነት ፋይል ካገኘ አዘጋጁ ምንም እንዳልጨመረ ይረጋገጣል። ከዚህ ቀደም የኮምፓይል ቀንና ሰዓት ብቻ እንኳ በፋይሉ ውስጥ ስለሚጻፍ ይህ የማይቻል ነበር።

ኮምፓይል ማድረግ የሚገባው ፕሮግራሙን ራሱ ለሚያርም፣ ገና በፓኬጅ ያልወጣ እትም ለሚያስፈልገው ወይም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መማር ለሚፈልግ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ውጤቱን ለዚሁ በተለየው «ዩዘር ሎካል» ማኅደር ውስጥ ቢያስቀምጥ ከሥርዓቱ ፓኬጆች ጋር አይጋጭበትም። ለሌላው ሁሉ ፓኬጁ ይሻላል።