ምጥ የሚጠራ ጠብታ

በማዋለጃ ክፍል፣ ከአልጋው ራስጌ በቆመው የብረት ዘንግ ላይ ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ተሰቅሏል። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ በደፈናው «ግሉኮስ ተሰክቶላታል» ብሎ ያልፋል። አዋላጅ ነርሷ ግን ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ትቆጥራለች። ቀጥላ መዳፏን ከነፍሰ ጡሯ ሆድ አናት ላይ ታሳርፍና ድፍን አስር ደቂቃ ትጠብቃለች። ሆዱ ከመዳፏ ሥር ሲጠጥር ሰዓቱን ትይዛለች፤ ሲላላም ትይዛለች። ስንት ጊዜ ጠጠረ? እያንዳንዱስ ስንት ሰከንድ ቆየ? መልሱን ከመዝገቡ ላይ ታሰፍርና እንደገና ወደ ጠብታው ትመለሳለች።

በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ አምፑል የተቀዳ ኦክሲቶሲን አለ። ምጥ አልመጣ ሲል የሚጠራው፣ ከወሊድ በኋላም ደም አልቆም ሲል የሚያስቆመው እሱ ነው። የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፏል፤ ያለ ጠባቂ በተሰጠበት ቦታ ደግሞ ማህፀን ቀዷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚያች አዋላጅ መዳፍና ሰዓት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ስናስተዋውቅ እሷንም አብረን ማስተዋወቅ ግድ ይለናል።

ከሰውነት የተቀዳ መልእክት

ኦክሲቶሲን መጀመሪያ የሰውነት ነው። አንጎል ውስጥ ይሠራና፣ አተር ከምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል ወደ ደም ይለቀቃል። የእርግዝናው ወራት እየገፉ ሲሄዱ የማህፀን ጡንቻ ይህን መልእክት የሚቀበልባቸው በሮች ይበዛሉ፤ በአምስተኛው ወር እምብዛም ያልተሰማው መጠን ድርስ በሆነች እናት ላይ ኃይለኛ ቁርጠት ያስነሳል። ምጥ ሲጀምር የሕፃኑ ራስ የማህፀንን በር ይጫናል፣ ግፊቱ ለአንጎል ይደርሳል፣ አንጎል ተጨማሪ ኦክሲቶሲን ይለቃል፣ ቁርጠቱም ይበረታል። ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ወተቱን ገፍቶ የሚያወርደውም ይኸው ሆርሞን ነው።

ሄንሪ ዴል የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1906 እ.ኤ.አ. ከበሬ ፒቱታሪ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ የድመትን ማህፀን አጥብቆ እንደሚያኮማትር አስታወቀ። ሐኪሞች ግኝቱን ፈጥነው ወደ ማዋለጃ ክፍል አስገቡት። ችግሩ የጭማቂው ኃይል ከጠርሙስ ጠርሙስ የሚለያይ፣ የሚሰጠውም በአንድ ጊዜ በመርፌ መሆኑ ነበር። ከተወጋ አይመለስም። ማህፀን ተቀደደ፣ ሕፃናት ታፍነው ሞቱ፣ መድኃኒቱም ስሙ ጠፋ።

መፍትሔው በጠብታ መጣ። በ1948 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ቲዮባልድ የተባለ እንግሊዛዊ የማህፀን ሐኪምና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን በብዙ ፈሳሽ አቅጥነው በደም ሥር ቀስ እያሉ ማንጠባጠብን አስተዋወቁ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1953 እ.ኤ.አ.፣ በኒውዮርክ ቪንሰንት ዱ ቪኞ ኦክሲቶሲን ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተሰካካ መሆኑን አሳየ፤ በላቦራቶሪም ሠራው። ለሥራው የ1955ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ የታወቀ፣ ከእንስሳ ዕጢ ያልተቀዳ መድኃኒት ተገኘ።

ቀን መቁጠር

ምጥ የሚጠራው እርግዝናው መቀጠሉ ከመውለዱ የበለጠ አደጋ ሲኖረው ነው። የእናቲቱ የደም ግፊት ጨምሮ ኩላሊቷን፣ ጉበቷን ወይም አንጎሏን ሲያሰጋ፤ የእንሽርት ውሃዋ ፈስሶ ምጡ ሲዘገይ፤ የስኳር ሕመም ሲኖርባት፤ ጽንሱ በማህፀን ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፤ ወይም ቀኗ ሲገፋ። የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት ለሞላት እናት ምጥ ማስጀመርን ይመክራል። ሌላ ችግር የሌለባትን ከዚያ በፊት ማስጀመርን ግን አይመክርም።

እዚህ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ይገባል። እናቶቻችን «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ይላሉ፤ መጋቢት 29 ተፀንሶ ታኅሣሥ 29 ከተወለደው ጌታ ልደት ጋር ያያይዙታል። ጤና ጣቢያ ደግሞ የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው። መንገዱ ላይ ጳጉሜን ከሌለች ዘጠኝ ወር ከአስር ቀን፣ ካለች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይደመራል። የወር አበባዋን መስከረም 1 ያየች ሴት መውለጃዋ ሰኔ 11 ነው፤ 41 ሳምንት የሚሞላት ሰኔ 18። ጥር 1 ያየችው ግን ጳጉሜንን ስለምታቋርጥ ቀኗ ጥቅምት 6 ይሆናል። ይህ ሒሳብ ቢሳሳትና ያልደረሰ ልጅ «ቀኑ ገፍቷል» ተብሎ በመድኃኒት ቢጠራ፣ ሳንባው ሳይበስል ይወለዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነሳ አልትራሳውንድ ዋጋው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ነፍሰ ጡር ክትትል በጊዜ የምትጀምረውም ለዚሁ ቀን ብላ ነው።

በሩ ከበሰለ

ቀኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚጠየቀው የማህፀን በር ነው። ኤድዋርድ ቢሾፕ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1964 እ.ኤ.አ. ለዚህ መለኪያ አወጣ። በሩ ምን ያህል ተከፍቷል? ምን ያህል ሳስቷል? ለስላሳ ነው ወይስ ጠንካራ? ወደ ፊት ዞሯል ወይስ ወደ ኋላ? የሕፃኑ ራስ ምን ያህል ወርዷል? ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ዝቅ ካለ በሩ ገና ጥሬ ነው፤ ኦክሲቶሲን ብቻውን ቢንጠባጠብ እናቲቱን ከማድከም ያለፈ ላይረባ ይችላል።

ጥሬውን በር ለማብሰል ሁለት መንገዶች ይዘወተራሉ። አንዱ በማህፀን በር በኩል ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገብቶ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ በንጹሕ ውሃ መንፋት ነው፤ ፊኛዋ በሩን ቀስ እያለች ትለጥጠዋለች። ሌላው ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ክኒን ነው። መጀመሪያ ለጨጓራ ቁስለት የተሠራው ይህ መድኃኒት በብዛት የሚገኘው በ200 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ምጥ ለማስጀመር በአፍ የሚሰጠው ግን 25 ማይክሮግራም ብቻ፣ በየሁለት ሰዓቱ ነው። የክኒኑ አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። በምላጭ ስምንት ቦታ ቢቆረጥ አንዱ ቁራጭ ከሌላው እኩል አይሆንም። ስለዚህ ክኒኑን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጦ 25 ሚሊ ሊትሩን እየለኩ ማጠጣት ይመከራል። ሚሶፕሮስቶል ከተዋጠ አይመለስም፤ ከእሱ በኋላም ሰዓታት ሳያልፉ ኦክሲቶሲን አይጀመርም። ቀድሞ በኦፕሬሽን ለወለደች እናት ደግሞ አይሰጥም፤ የቆየው ስፌት ሊቀደድ ይችላልና።

የጠብታው ሒሳብ

ኦክሲቶሲን ከሚሶፕሮስቶል የሚለይበት ትልቁ ጸባዩ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። በደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ጠብታው ሲዘጋ ኃይሉም ወዲያው ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዋላጆች መመሪያ በዚህ ጸባዩ ላይ ይቆማል። 2.5 ዩኒት በ500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይበጠበጣል፤ በደቂቃ በ10 ጠብታ ይጀመራል፤ በየ30 ደቂቃው 10 ጠብታ ይጨመራል። በአስር ደቂቃ ሦስት ጊዜ የሚመጣ፣ እያንዳንዱም ከ40 ሰከንድ በላይ የሚቆይ ቁርጠት ሲገኝ መጨመሩ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት የሚጠበቀው በከንቱ አይደለም፤ ማህፀኑ የአንዱን መጠን ሙሉ መልስ ሳይሰጥ ሌላ ከተጨመረ ቁርጠቱ በኋላ ተደራርቦ ይመጣል።

በአስር ደቂቃ ከአምስት ጊዜ በላይ ከጠጠረ በዝቷል። ማህፀን ሲጠጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ሕፃኑ ትንፋሽ የሚያገኘው ሲላላ ነው። መላላቱ ካጠረ ሕፃኑ ይታፈናል። አዋላጇ በመካከሉ የጽንሱን ልብ ደጋግማ የምታዳምጠው ለዚህ ነው፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታት አለበት። ከዚህ ከወረደ ወይም ቁርጠቱ ከበዛ ጠብታውን ትዘጋለች፣ እናቲቱን በግራ ጎኗ ታስተኛለች፣ ሐኪም ትጠራለች። ፈሳሹ ያለ ልክ ከበዛም ኦክሲቶሲን ውሃን በሰውነት ውስጥ ስለሚይዝ የደም ጨው ተመናምኖ እናቲቱ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች።

እንግዴ ልጁ በሩን ከዘጋ፣ ልጁ አግድም ከተኛ ወይም እትብቱ ቀድሞ ከወረደ ምጥ አይጠራም። ኦፕሬሽን ማድረግ በማይቻልበት ቦታም አይጀመርም። ምጥ ለማፋጠን ተብሎ ከመውለድ በፊት በጡንቻ የሚወጋ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተከለከለ ነው። ጠብታ ይዘጋል፤ መርፌ ግን ከተወጋ የሚያስቆመው የለም። ቤት መጥቶ «ቶሎ ትገላገያለሽ» የሚል መርፌ ወጊ ካለ በሩን ዝጉበት።

«መድኃኒት የተሰጣት ሁሉ ኦፕሬሽን ትሆናለች» የሚለው ፍርሃትም መልስ አለው። በአሜሪካ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ከ6 ሺህ በላይ ጤናማ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በ39ኛው ሳምንት ምጥ ከተጀመረላቸው በኦፕሬሽን የወለዱት 19 በመቶ ገደማ፣ ከጠበቁት ደግሞ 22 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ያ ውጤት የተገኘው ግን ያልተቋረጠ ክትትል ባለበት ቦታ ነው።

ከማቀዝቀዣው እስከ ጭኗ

ኦክሲቶሲን ሙቀት አይችልም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። መብራት በጠፋበት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ የከረመ አምፑል መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ይሟጠጣል። አዋላጇ ጠብታውን በትክክል ብትቆጥርም የምትቆጥረው ውሃ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ የሚያቀና ሰውም እንግዲህ እናት ያዋልዳል።

የአምፑሉ ሙሉ ኃይል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አዋላጇ ሌላ ልጅ በሆድ አለመቅረቱን በእጇ ታረጋግጥና 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በእናቲቱ ጭን ትወጋለች። ከወሊድ በፊት የተከለከለው የጡንቻ መርፌ አሁን ሕይወት አዳኝ ይሆናል፤ የሚታፈን ልጅ በማህፀን የለም፣ የሚፈለገውም ማህፀኑ አጥብቆ ተኮማትሮ ደሙን እንዲያቆም ነው።

ምጥ እንድትጀምሪ የተነገረሽ እህቴ፣ ከመተኛትሽ በፊት ጠይቂ፦ ለምንድን ነው የሚጠራው? ቀኔ በምን ተቆጠረ? የማህፀኔ በር ምን ያህል በስሏል? የልጄን ልብ ማን፣ በየስንት ጊዜው ያዳምጣል? አልሆን ካለ ኦፕሬሽኑ እዚሁ ነው? ባሎችና እናቶችም ስለ ፍጥነቱ ከመጎትጎት ይህን ብትጠይቁ ይሻላል። መልሱ በግልጽ የሚሰጥበት ቤት ጠብታው በጥሩ እጅ ነው።

ዘመድ አዝማድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎ ይዞ ሲገባ ዘንጉ ባዶውን ቆሟል። አዋላጇ ግን ገና አልጨረሰችም። ያን መዳፏን እንደገና ከእናቲቱ ሆድ ላይ አሳርፋ፣ ማህፀኑ ከእምብርቷ በታች እንደ ኳስ ጠጥሮ መቀመጡን እየዳሰሰች ነው።