ቶሎ የሚገባቸው ልጆችና የቅዳሜ ትምህርት

ባለፈው ዓርብ እዚህ ሱለይማኒያ ተሰብስበን በቃል የነገርኳችሁን፣ ያልመጡትም እንዲያነቡት ጻፊው ስለተባልኩ ነው የጻፍኩት። ብዙዎቻችን የሌላ ሰው ልጅ በእጃችን፣ የራሳችንን በስልክ የምናሳድግ ነን። ነገሩ ሁለቱንም ይመለከታል።

የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ አምና ለመውሂባ ፈተና ተመዘገበ። መውሂባ በዓረብኛ ተሰጥኦ ማለት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከፍ ያለ ችሎታ ያላቸውን ልጆች እየፈለገ ያስተምራል። ማዳም ልጁ ምን ያጥና ብላ ስትጠይቅ የሰማሁት መልስ ገረመኝ። ፈተናው ከመማሪያ መጽሐፍ አይወጣም። የሚመዝነው አራት ነገር ነው፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላ ማሰብን፣ ቋንቋንና ያነበቡትን መረዳትን፣ ሒሳብንና ቅርጽን፣ እንዲሁም የሳይንስና የመካኒክ ነገር ማገናዘብን። እንግዲህ ክፍል ውስጥ ሰባ የሚያመጣ ልጅ እዚያ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ያን ቀን ልጄ ትዝ አለችኝ። አምስተኛ ክፍል ናት፣ እናቴ ዘንድ ነው የምትኖረው። መምህሯ «ትረብሻለች» እያለ ይከሳታል፣ እኔም ከዚህ ሆኜ በኢሞ እቆጣታለሁ። ለአስጠኚ ብር ላክሁ። አስጠኚው ክፍል የተማረችውን ያንኑ መልሶ ሃምሳ ጥያቄ ያሠራታል፤ ባሰባት። ለካ ልጅቷ ቶሎ ትጨርሳለች፣ ከጨረሰች በኋላ ግን የምትሠራው የለም። የጠገበችውን ሽሮ ደግሜ ደግሜ ሳጎርሳት ነው የከረምኩት።

ማበልጸጊያ የሚባለው ትምህርት ሌላ ነው። የስድስተኛ ክፍልን መጽሐፍ ቀድሞ ማስጨረስም አይደለም፤ ልጁ የሚያውቀውን ይዞ ጠለቅ እንዲል ማድረግ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ በስልክም ይሆናል። መደመር ለሚያውቅ ልጅ ሌላ መቶ ድምር ከማዘዝ «ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ሲደመሩ ስንት ናቸው? አንድ በአንድ መደመር ግን ክልክል ነው» በሉት። 1 እና 100 ሲደመሩ 101 ነው። 2 እና 99 ም 101፣ 3 እና 98 ም 101። እንዲህ ያሉ ጥንዶች 50 ናቸው፤ 50 ጊዜ 101 ደግሞ 5050። ልጄ ሁለት ቀን ፈጀባት። ሲገባት በደብተር ጽፋ ፎቶውን ላከችልኝ። በቃሏ ያልነገረችኝ ስለምትንተባተብ ነው።

ትምህርት ቤቷ ለቅዳሜ ትምህርት ጎበዝ ልጆች ሲመርጥ የቀረችውም በዚሁ ነው፤ «መናገር እንኳ አትችልም» ተባለች። አካቶ የሚሉት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የሚፈለገው ጎበዝ ልጅ ከሆነ፣ ጎበዟ ልጅ የማታይ ወይም የማትሰማ፣ ዩኒፎርሟ የተቀደደ ልትሆን ትችላለች። መግቢያው ለእሷም ይበጅላት፤ መናገር ያቃታት ትጻፍ፣ ማየት ያልቻለች በቃሏ ትፈተን።

ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። በጎጃም የቅኔ መምህር ልጅ ነበሩ፣ በልጅነታቸው ዓይነ ስውር ሆኑ። ሆኖም ቅኔን ከአባታቸው ተምረው እሳቸውም የቅኔ መምህር ሆኑ። ቅኔ ቤት እንዲህ ላለ ልጅ ይመቻል። ተማሪው በሁለት ቤት፣ በጉባኤ ቃና ይጀምርና፣ እየቻለ ሲሄድ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ለብቻው አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። ፈጣኑ ሌላውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ቀድሞ የገፋውም ኋላ የመጣውን ያግዛል። እርግጥ ሴት ልጅ እዚያ ብርቅ ነበረች። እማሆይ የመምህር ልጅ ባይሆኑ በሩ ይከፈትላቸው ነበር ወይ እላለሁ አንዳንዴ።

ዛሬስ አገር ቤት ምን አለ? በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፤ ንባብና ዜማ ቶሎ የሚይዝ ልጅ እዚያ ይታወቃል። በከተማ ደግሞ የስቴም ማዕከላት አሉ፣ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ማለት ነው። ቢሾፍቱ ፎቃ አንዱ ነው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አለው። ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ውጭ፣ እንደየቦታው በሳምንቱ መጨረሻ ወይም በክረምት፣ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ በእጃቸው ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ ልጆቹን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ያውም በውጤት። ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ርእሰ መምህሩን የሚያናግር ሰው ላኩ። የሚመረጡት በምንድን ነው? ውጤቷ ዝቅ ያለ፣ ግን በራሷ የሠራችው ነገር ያላት ልጅ ትታያለች? ችግር ያለባት በሌላ መንገድ ትፈተናለች? እነዚህን ይጠይቅላችሁ። ልጁ በራሱ የሠራውን ነገር ሁሉ አያት አትጣለው፤ ደብተር፣ ከሽቦ የተሠራ መኪና፣ የተፈታ ሬዲዮም ቢሆን።

እናቴ ያን የ5050 ደብተር ይዛ ሄዳ ነበር። ርእሰ መምህሩ አገላብጠው አዩትና ልጅቷ በጽሑፍ ትፈተን ብለዋል። ፈተናው የፊታችን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የሪያድና የአገር ቤት ሰዓት አንድ ነው፤ እኔ ያኔ ሳሎን እያጸዳሁ ነው የምሆነው፣ ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ።