የአውራ ጣት ስር ሕመም፦ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ለማን ይሆናል?

ልብስ ስትጨምቁ፣ ሊጥ ስታቦኩ ወይም ቁልፍ ስታዞሩ አውራ ጣታችሁ ከእጅ አንጓ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይወጋችኋል? ብዙዎቻችን “ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው” ብለን በቅቤ አሽተን እናልፈዋለን። ሲብስ ፋርማሲ ገብተን “ለቁርጥማት የሚሆን ክኒን” እንጠይቃለን። ውጭ አገር ዘመድ ያለን እንደሆነ ደግሞ “እዚህ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያስገባሉ” የሚል ወሬ እንሰማና ገንዘብ ማሰባሰብ እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን በደንብ ማወቅ ይበጃል።

ለመሆኑ እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ? የአውራ ጣት የመጀመሪያ አጥንት ትራፒዚየም በምትባል ትንሽ አጥንት ላይ እንደ ኮርቻ ተቀምጧል። አውራ ጣት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ሸክሙ ግን ከባድ ነው፤ በጣታችን ጫፍ 1 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ስንቆነጥጥ እዚህ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው 12 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አጥንቶቹን የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ በዕድሜ ሲሸረሸር አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ይህ ኦስቲኦአርትራይተስ ይባላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ በተለይም የወር አበባ ካቆመ በኋላ ይበዛባቸዋል።

በአውራ ጣት በኩል የሚሰማ ሕመም ሁሉ ግን ይህ አይደለም። ሕፃን የምታነሳ ወጣት እናት አንጓዋን ሲያማት ብዙ ጊዜ የጅማት ሽፋን ብግነት ነው። ሌሊት ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነም የነርቭ መጨነቅ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያይና ራጅ ሳይነሳ መድኃኒት መጀመር ይህን ያሳስታል።

እኔን በሥራዬ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ክኒኑ ነው። ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ለጥቂት ቀን ያስታግሳሉ፤ ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትንም ይጨምራሉ። በረመዳን ሐኪም ያዘዘላችሁ ካለ ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አትውሰዱ። ፕሬድኒሶሎንን “ቁርጥማቴን ያጠፋልኛል” ብሎ ያለ ትዕዛዝ መውሰድ ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆምም አደገኛ ነው። ነገ ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ የሚተከለው እኮ በዚያው በሳሳው አጥንት ላይ ነው!

በቅድሚያ የሚሞከረው አውራ ጣትን የሚያሳርፍ መደገፊያ ለሳምንታት ማሰር፣ የሚቀባ ዳይክሎፌናክ መጠቀም፣ የዕቃ እጀታን በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈርና ልብስን ለሁለት መጭመቅ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌም ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል። የስኳር ሕመምተኞች ግን ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳራቸውን በቅርብ ይከታተሉ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። የቆየውና ዛሬም በስፋት የሚሠራው ትራፒዚየምን ማውጣት ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ገርቪስ ስለዚሁ ጽፏል። አውራ ጣት ትንሽ ያጥራል፣ ጉልበቱም ለመመለስ ወራት ይፈልጋል፤ ሕመሙ ግን በአብዛኛው ይሻላል። ምንም ባዕድ ነገር ስለማይገባ የሚላላም የሚሰበርም የለም።

ሰው ሠራሹስ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ስዋንሰን ከሲሊኮን የተሠራ ምትክ አስተዋወቀ፤ እያለቀ የሚረግፈው ብናኝ አጥንት ውስጥ ብግነት በማስነሳቱ እዚህ ቦታ ላይ በአብዛኛው ተትቷል። በ1970ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ላ ካፊኒየር እንደ ዳሌ መገጣጠሚያ ኳስና ዋንጫ ያለው ሠራ። የዛሬዎቹ የእርሱ ተከታዮች ናቸው። በፈረንሳይና በቤልጂየም በብዛት የሚተከሉት አዳዲሶቹ ኳሱም የኳሱ ሽፋንም ስለሚንቀሳቀሱ እንደ ቀደሙት ቶሎ አይወልቁም። እጅ ወደ ሥራ የሚመለሰው ፈጥኖ ነው፣ ጣትም አያጥርም። ይሁንና ዋንጫው ሊላላ፣ ኢንፌክሽን ሊገባ፣ ዳግም ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ትራፒዚየም በጣም ካነሰች ወይም ከጎኗ ያለው መገጣጠሚያም ከተሸረሸረ አይመከርም።

በእኔ አስተያየት ዕድሜዋ ለገፋና ቀላል የቤት ሥራ ለምትሠራ እናት ለዚህ ብሎ ንብረት መሸጥ አያስፈልግም፤ አጥንቷን ማውጣቱ ይበቃታል። በእጁ ጥበብ የሚተዳደርና ወራት መቀመጥ የማይችል ሰው ግን ሐኪሙን ስለ ሰው ሠራሹ ቢጠይቅ ትክክል ነው። የሚጠይቀውም “ታስገባልኛለህ ወይ?” ብሎ ሳይሆን “ስንት ሠርተሃል? ቢላላ አገሬ ላይ ማን ያየኛል?” ብሎ ነው። ውጭ አገር አስገብታችሁ ከተመለሳችሁም የመገጣጠሚያው ስምና መጠን የተጻፈበትን ካርድና ራጁን ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ወደፊት የሚከፍተው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።