ትምህርቱ ሳያልቅ የሚመጣው ሞዴል

እንደሚታወቀው በአገራችን ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ተማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከዚህም በር አስቀድሞ ሁላችንም «ሞዴል» ብለን የምናውቀው የልምምድ ፈተና አለ። ሞዴል አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ሳያልቅ መምጣቱ ነው። መምህሩ ገና የመጽሐፉን እኩሌታ ሲያስተምር፥ ጥያቄው ግን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ይዘልቃል።

በሴሚስተሩ ዕረፍት ሆጤ ላይ ታናናሾቻችንን ስናስጠና ይህ ነገር በግልጽ ታየን። ሐኪም የመሆን አሳብ የያዘች አንዲት ልጅ በባዮሎጂ ሞዴል 46 አግኝታ ነበርና፥ እንግዲህ ሕክምናው ይቅርብኝ ብላ ደብተሯን ልትዘጋ ቃጣች። ልጅቱን አንፈርድባትም። በ2014 ዓ. ም. የብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ. ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ. ም. እንኳ 5.4 ከመቶ ላይ ነው የደረሰው። ይህን የሰማ ሰው ከ50 በታች የሆነ ቁጥር ሲያይ ቢደነግጥ ምን ያስደንቃል?

ዳሩ ግን 46 ማለት ምን ማለት ነው? የሁለት ተማሪዎችን ነገር እንመልከት። ፈተናው 100 ጥያቄ፥ እያንዳንዱም ጥያቄ አራት ምርጫ ያለው ይሁን። የመጀመሪያው ተማሪ የተማረው 60ውን ጥያቄ ብቻ ነው እንበል፤ ከእነዚህ 36ቱን መለሰ። ያልተማራቸውን 40ዎቹን በግምት አከበበ። ግምት ከአራት አንዱን ይመታልና 10 አገኘ፤ ድምሩ 46 ሆነ። ሁለተኛው ተማሪ ግን ትምህርቱ ሊያልቅለት የተቃረበ ነው፤ 90ውን ጥያቄ ተምሮ 44ቱን ሲመልስ፥ ከቀሩት 10 ጥያቄዎች በዕድል 2 አገኘ። የእርሱም ድምር 46 ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። በእውነቱ ግን የመጀመሪያው ከተማረው 60 ከመቶ ያውቃል፤ ሁለተኛው ግን ከተማረው ግማሹን እንኳ በደንብ አልያዘም። መጨነቅ የሚገባው ሁለተኛው ሲሆን፥ የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ሐረጎ ላይ የደረሰን መንገደኛ ስለ ምን ኮምቦልቻ አልገባህም ብሎ የሚቆጣው ማን ነው? መንገዱ ገና ነው። የሚጠየቀው እስከዚያ ድረስ በደኅና መጥቶ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ የልጅቱን ወረቀት ተቀብለን በሦስት ከፈልነው፤ ተምራ የመለሰችው፥ ተምራ የሳተችው፥ ያልተማረችው ተብሎ። (እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነንና የጄኔቲክሱን ምዕራፍ ለጤና ተማሪዎች ጓደኞቻችን አሳየናቸው፤ ለመክፈል ግን ባዮሎጂ ማወቅ አያስፈልግም።) ከሦስቱ ውስጥ ወርቁ ያለው በሁለተኛው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚጠና የሚናገረው እርሱ ነው። በግምት የተከበበውን ለመለየት ደግሞ በፈተናው ሰዓት ከጥያቄው ጎን ትንሽ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። አለዚያ በዕድል የተገኘው እንደ ዕውቀት ይቈጠርና ነገሩ ይዘበራረቃል።

እንዲህ ከሆነ ትምህርቱ እስኪያልቅ ሞዴሉን ብንተወውስ የሚሉ አሉ። ይህም ትክክል አይመስለንም። አንደኛ፥ በእኛ አገር ትምህርቱ የሚያልቅበት ቀን የታመነ አይደለም። በ2014 ዓ. ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ ስንት ምዕራፍ ሳይነገር እንደ ቀረ ያየነው ነው። ሁለተኛ፥ ሳይማሩ መጠየቅ ራሱ ይጠቅማል። ሪችላንድ፥ ኮርኔልና ካኦ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ባወጡት ጥናት፥ ጽሑፉን ከማንበባቸው በፊት የተጠየቁ ተማሪዎች፥ መልሱን ቢስቱም እንኳ፥ ተጨማሪ የንባብ ጊዜ ከተሰጣቸው ይልቅ ኋላ በተሻለ አስታውሰዋል። ጥያቄው አእምሮን ያነቃዋልና፥ መልሱ በትምህርት ሲመጣ ቦታ ያገኛል። ነገር ግን መልሱ መምጣት አለበት። ሞዴሉ ታርሞ ቁጥሩ ብቻ ተለጥፎ የሚቀር ከሆነ ጥቅሙ ይሄዳል። የሚያሳዝነው በብዙ ቦታ የሚደረገው ይኸው መሆኑ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን የሚሹ ተማሪዎች ኤምካት የሚባል ፈተና ይወስዳሉ፤ ውጤቱም ከ472 እስከ 528 ይደርሳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2015 ጀምሮ የባዮኬሚስትሪ ጥያቄ በሰፊው ስለ ተጨመረበት፥ ይህን ኮርስ ሳይወስድ የልምምዱን ፈተና የሚሞክር ተማሪ ልክ እንደ ሆጤዋ ልጅ ዝቅተኛ ቁጥር ያያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ያለፉት ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ወረቀቶች በቍጥር ጥቂት ናቸው። ሁሉንም በጥቅምትና በኅዳር ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ፥ ትምህርቱ ሲያልቅ ራሱን የሚመዝንበት አዲስ ወረቀት አያገኝም፤ የሚያስታውሰውን መልስ ደግሞ ዕውቀት ይመስለዋል። የቅርቦቹን ሁለት ዓመታት ወረቀቶች ሳይነኩ ማስቀመጥና በመጨረሻው ወር በሰዓት ይዞ መሥራት ይሻላል። ልጅቱም የሁለቱን ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ በፖስታ አሽጋ ለታላቅ ወንድሟ ሰጥታለች፤ እስከ ሰኔ ድረስ እንዳይሰጣትም አስጠንቅቀነዋል።