ለየአሲዱ የራሱ ብረት

ሰኔ ሲቃረብ በእንጅባራና በዳንግላ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ደጃፍ የማዳበሪያ ጆንያ ይከመራል። የአዊ ገበሬ ስለ ጆንያው የሚያነሳው ዋጋውንና የሚደርስበትን ጊዜ ነው፤ አይፈረድበትም። ፎስፈረሱን ከዐለት ፈልቅቆ ያወጣው አሲድ፣ ያን አሲድ ሳይበሳ የያዘው ብረት ግን የማንም ወሬ ሆኖ አያውቅም። የሙያው ሰዎች ሱፐር ኦስቴኒቲክ ስቴንለስ ስቲል የሚሉት ይህ ብረት ከተራው ስቴንለስ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። የት እንደሚያስፈልግና የት ገንዘብ ማባከኛ እንደሚሆን መለየት ደግሞ ከብረቱ እኩል ውድ የሆነ እውቀት ነው።

ወደ አገራችን በሚገባው የፎስፌት ማዳበሪያ የሞሮኮው ኦሲፒ ትልቅ ድርሻ አለው። ኩባንያው በአትላንቲክ ዳርቻ፣ ጆርፍ ላስፋር በተባለ ቦታ፣ የተፈጨ የፎስፌት ዐለት ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ያዋህዳል። ከውህደቱ ፎስፎሪክ አሲድና ጂፕሰም ይወጣሉ። ድብልቁ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ከዐለቱ የመጣ ክሎራይድና ፍሎራይድ ይዟል፤ ጂፕሰሙ ደግሞ ስለታም ጥቃቅን ክሪስታል ስለሆነ እንደ አሸዋ ይፍቃል። በዚህ ውስጥ ሌት ተቀን የሚሽከረከር ማማሰያና ፓምፕ ሦስት ጠላት በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፦ አሲድ፣ ጨውና ፍትጊያ። ለወጥ ቤት ዕቃና ለወተት ማጠራቀሚያ የሚበቃው ስቴንለስ እዚህ ዕድሜ የለውም። 904ኤል የተባለው ቅይጥና ቅይጥ 28 ወደዚህ ኢንዱስትሪ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለአዊ የተለየ የሚያደርገው መሬቱ ራሱ አሲዳማ መሆኑ ነው። በባንጃና በፋግታ ለኮማ የማያቋርጠው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት አጥቦ ወስዷል። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል፤ ደጋማው ጎጃም ከዋናዎቹ ተጠቂዎች ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ጠፍረው ስለሚይዙት፣ ሞሮኮ ድረስ ተሂዶ በአሲድ የተፈለቀቀው ፎስፈረስ እንጅባራ ሲደርስ ተመልሶ ይታሰራል። ከደጀን የመጣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልቀደመው ለሰብሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ብዙ ገበሬ ማሳውን ለዲከረንስ ግራር ለቆ ወደ ከሰል የዞረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የአፈር ድካም ነው። የአፈሩ አሲድና የፋብሪካው አሲድ ግን ጉልበታቸው አይመጣጠንም። የአዊ ማሳ ፒኤች በአመዛኙ 5 አካባቢ ነው፤ የተቀበረ ቧንቧ ቢበላም በዓመታት ነው። የፋብሪካው አሲድ ያልተስማማውን ብረት በሳምንታት ውስጥ ይጨርሳል።

ስቴንለስ የማይዝገው በራሱ ጥንካሬ አይደለም። ክሮሚየሙ ከ10.5 በመቶ ሲበልጥ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ሲጫር ራሱን መልሶ ይሠራል፤ ብረቱን የሚያድነው ይህ ነው። በእንግሊዟ ሸፊልድ ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ 13 በመቶ የሚጠጋ ክሮሚየም ያለው ብረት ሲያቀልጥ፣ በጀርመን የክሩፕ ባለሙያዎች ማውረርና ሽትራውስ ደግሞ ኒኬል ጨምረውበት ማግኔት የማይስበውን፣ በቀላሉ የሚተጣጠፈውን ዓይነት እያወጡ ነበር። ኦስቴኒቲክ የሚባለው ይህ የጀርመኖቹ ዘር ነው። ዛሬ በየቤቱ ያለው 304 ደግሞ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ይዟል።

ሽፋኑ የሚፈራው ክሎራይድን ነው። በረኪና የነካው የስቴንለስ ድስት ሳይታጠብ ካደረ፣ ጠዋት ታቹ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ነጥቦች ይታያሉ። ከላይ ነጥብ ይምሰሉ እንጂ ከውስጥ ሰፍተው ይቦረቡራሉ። በፋብሪካ ቧንቧ ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ሆኖ ሳለ አንድ ቦታ ተበስቶ ይፈሳል።

መፍትሔው በየዘመኑ አንድ አንድ ነገር መጨመር ሆነ። 2 በመቶ ያህል ሞሊብደነም ሲገባ 316 ተገኘ። ሞሊብደነሙ ወደ 4.5፣ ኒኬሉ ወደ 25 ከፍ ብሎ 1.5 በመቶ መዳብ ሲታከልበት 904ኤል ሆነ። ስዊድኖቹ በአቬስታ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞሊብደነሙን ከ6 በመቶ በላይ አድርሰው ናይትሮጅን ጨመሩና 254 ኤስኤምኦን አወጡ። የአሜሪካኑ ኤኤል-6ኤክስኤንም የዚሁ ወገን ነው። መጀመሪያ ላይ ሱፐር ኦስቴኒቲክ ያልናቸው እነዚህን ነው። ናይትሮጅን ከአየር የሚገኝ ርካሽ ነገር ቢሆንም ሥራው ትልቅ ነው፤ ብረቱን ያጠነክራል፣ መበሳትን ይከላከላል፣ በሙቀት ጊዜ የሚፈጠረውን ተሰባሪ የክሮሚየምና የሞሊብደነም ክምችት ያዘገያል። የመዳቡ ድርሻ ሌላ ነው፤ እሱ የገባው በተለይ ለሰልፈሪክ አሲድ ነው። የሮሌክስ ሰዓት ቀፎም ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ904ኤል መሠራት መጀመሩ ይታወቃል። ለክንድ ላብ ይህን ያህል ብረት ማን አዘዘ ቢባል መልሱ ውበቱና ስሙ ይመስለኛል።

ሻጮች ደጋግመው የሚጠሩት አንድ ቁጥር አለ። የክሮሚየሙ መቶኛ፣ ሲደመር የሞሊብደነሙ 3.3 እጥፍ፣ ሲደመር የናይትሮጅኑ 16 እጥፍ ይሰላል። ለ304 ከ18 እስከ 20፣ ለ316 ወደ 24፣ ለ904ኤል ወደ 35፣ ለ254 ኤስኤምኦ ደግሞ 43 ይመጣል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን በክሎራይድ ስለ መበሳት ብቻ ነው፤ ስለ አሲድ ምንም አይልም። 43 ከ35 ይበልጣል ብሎ ለሰልፈሪክ አሲድ ቧንቧ 254 ኤስኤምኦን ያዘዘ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የባሰ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ መዳቡ የበዛው በ904ኤል ነውና።

ሰልፈሪክ አሲድ ጠባዩ ግራ ያጋባል። በዳንግላ የባትሪ ቻርጅ ቤቶች ዘንድ የሚታወቀው የባትሪ አሲድ ከሦስት እጅ አንዱ ያህል አሲድ፣ ቀሪው ውሃ ነው። ጠብታው ያረፈበት ሱሪ ሲታጠብ ይበሳል፤ የባትሪው ማሰሪያ ብረት ነጭ አረፋ መስሎ ይበላል። ይህን ያየ ሰው 98 በመቶው አሲድ የባሰ ነው ብሎ ቢገምት ተፈጥሯዊ ነው። ሆኖም 98 በመቶው ተራ ጥቁር ብረት በሆነ ታንከር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። አሲዱ መጀመሪያ ብረቱን ይነካና የብረት ሰልፌት ሽፋን ያበጃል፤ ያ ሽፋን ካልታጠበ መብላቱ ይቆማል። ስለዚህ አሲዱ በቧንቧ ውስጥ ቀስ ብሎ መፍሰስ አለበት፤ ከፈጠነ ሽፋኑን ይዞት ይሄዳል። እንደኛ ክረምት ባለ አየር ደግሞ በመተንፈሻው የገባ እርጥበት ላይ ላዩን ያለውን አሲድ ያቀጥነዋል፤ የቀጠነው አሲድ ብረቱን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ያን ታንከር አየሩን ሳያጸዱ ለመበየድ መነሳት ሞትን መጥራት ነው።

ክፉው ቀጣና መካከለኛው ነው፤ በግምት ከ10 እስከ 80 በመቶ፣ ይልቁንም ሲሞቅ። 904ኤል የተፈጠረው ለዚህ ቀጣና ነው። እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ማንኛውንም የሰልፈሪክ አሲድ መጠን ይችላል፤ ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ግን እሱም ገደብ አለው። በአገራችን ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርተው የአዋሽ መልካሳ አሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ነው። ከስሙ እንደሚታየው አሲዱን ከመሸጥ አልፎ የከተማ ውሃ የሚጣራበትን አሉሚኒየም ሰልፌት ይሠራል። በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ውስጥ ድኝ ከሚቃጠልበት ምድጃ እስከ መጨረሻው ታንከር ድረስ የአሲዱ ጥንካሬና ሙቀት በየደረጃው ስለሚለያይ፣ ብረቱም በየደረጃው ይለያል። ለሁሉም አንድ ውድ ብረት ማዘዝ ስንፍና ነው።

ናይትሪክ አሲድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኦክስጅን ስለሚሰጥ የክሮሚየሙን ሽፋን ያበረታዋል፤ ስለዚህ ርካሹ 304 ይችለዋል፣ ሞሊብደነም መጨመር ምንም አይጠቅምም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲመጣ ሱፐር ኦስቴኒቲኩም እጁን ይሰጣል። እጅግ የቀጠነና ቀዝቃዛ ካልሆነ በቀር የትኛውም ስቴንለስ አይመከርለትም። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ በእንጅባራ ጣሪያዎች ላይ የተቀመጠው ሮቶ የተሠራበት ፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ ቀዝቃዛውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሚገባ መቻሉ ነው። ፋብሪካዎችም ለዚህ አሲድ ፕላስቲክ፣ ፋይበር ግላስ ወይም ውስጡ ጎማ የተለበሰ ብረት ይጠቀማሉ። አሲዱ ከሞቀ ግን በኒኬል ላይ የተመሠረተ ቅይጥ ወይም ታንታለም ይፈለጋል፤ ዋጋው ሌላ ዓለም ነው። ይህን አሲድ ከጨው ጋር በተፈጥሮ ማየት የሚፈልግ ዳሎል ይሂድ። የዳሎል ኩሬዎች ፒኤች ዜሮ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው፤ ውሃቸውም ተጨማሪ ጨው ማሟሟት እስኪያቅተው ድረስ በጨው የተሞላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ብረቶች አንዱም እዚያ ኩሬ ውስጥ ሊቀመጥ አይገባውም።

ለአዊ በጣም የቀረበው የአሲድ ሥራ በዞኑ ቆላ፣ በጃዊ ወረዳ፣ በጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ያለው ነው። የስኳር ፋብሪካን የአሲድ ቦታ ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። የአገዳው ጭማቂ በሚተንበት ዕቃ ውስጥ ግን ቱቦዎቹ ላይ ደለል ይጋገራል፤ እሱን ለማስለቀቅ በዘርፉ የተለመደው በኮስቲክ ሶዳ ቀቅሎ ቀጥሎ በቀጠነ አሲድ ማጠብ ነው። አሲዱ ሃይድሮክሎሪክ ከሆነ፣ የብረቱን መበላት የሚያግድ መድኃኒት ካልገባበት ወይም ከሚገባው ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ደለሉ ሳይሆን ቱቦው ይሄዳል። በድኝ ጭስ ጭማቂውን የሚያነጡ ፋብሪካዎችም አሉ፤ ጭሱ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሰልፈረስ አሲድ ይሆንና የቀዘቀዙ ማዕዘኖች ላይ ይጠባል። እዚህ ሱፐር ኦስቴኒቲክ ቱቦ ከመግዛት የእጥበቱን አሲድ መቀየርና ሰዓቱን መጠበቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ማዳበሪያ ዩሪያ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምተዋል። ዩሪያ ሲሠራ መሐል ላይ የሚፈጠረው አሞኒየም ካርባሜት በ180 እና 190 ዲግሪ መካከል፣ በከፍተኛ ግፊት፣ ተራውን 316 ይበላዋል። ለዚህ የተዘጋጀው 25 በመቶ ክሮሚየም፣ 22 በመቶ ኒኬልና 2 በመቶ ሞሊብደነም ያለው ቅይጥ እንኳ የሚኖረው አየር ስለሚነፋለት ነው። ኦክስጅኑ ከተቋረጠ ሽፋኑ ይጠፋል።

ብረቱ በትክክል ታዞ ከመጣ በኋላ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በያጅ ቤት ነው። የዳንግላም ሆነ የባሕር ዳር በያጅ ጥቁር ላሜራ የጠረገበትን የሽቦ ብሩሽና የቆረጠበትን የግራይንደር ዲስክ ስቴንለሱ ላይ ሲያሳርፍ ጥቁር የብረት ብናኝ ይተክልበታል፤ በሳምንቱ ቡናማ ነጥብ ይወጣል። ከብየዳው ዳር የሚታየው ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም ለዓይን ቢያምርም ከሥሩ ክሮሚየም የጎደለበት ገጽ አለ፤ መፋቅ ወይም በአሲድ መታጠብ አለበት። 6 በመቶ ሞሊብደነም ያለውን ብረት በራሱ ዓይነት ሽቦ መበየድም አይቻልም፤ ሲቀዘቅዝ ሞሊብደነሙ እኩል ስለማይከፋፈል በኒኬል የተመሠረተ፣ ሞሊብደነሙ 9 በመቶ የሆነ መበየጃ ይፈለጋል።

ገበያው ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ገዢው ማግኔት ያስጠጋና ካልሳበ እውነተኛ ስቴንለስ ነው ይላል። ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካውን 201ም ማግኔት አይስበውም፤ በእንጅባራ ዝናብ ግን የደረጃ መደገፊያው ሳይቆይ ይዝጋል። 304ን ከ904ኤልም በማግኔት መለየት አይቻልም፤ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ወይም ላብራቶሪ ያስፈልጋል። የመሸወዱ ፍላጎት ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፦ በአንድ ቶን 304 ውስጥ 80 ኪሎ፣ በአንድ ቶን 904ኤል ውስጥ ግን 250 ኪሎ ያህል ኒኬል አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2022 የለንደን የብረታ ብረት ገበያ የኒኬል ዋጋ በቶን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሲዘል ግብይቱን እስከ ማቆም ደርሷል።

ርካሹ መከላከያ ሚዛንና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሙከራ ነው። ከሚታሰቡት ብረቶች ትንንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ በራሱ በፋብሪካው አሲድ ውስጥ፣ በሥራው ሙቀት፣ ለሳምንታት ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ታጥቦ እንደገና ይመዘናል። ከጎደለው ክብደት በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚበላ ይሰላል፤ ብዙ መሐንዲሶች 0.1 ሚሊ ሜትርን እንደ ድንበር ይይዛሉ። ቁራጮቹ መሐላቸው የተበየደ መሆን አለበት፤ ብየዳውም ቧንቧውን በሚበይደው ሰው እጅ፣ በዚያው ሽቦ የተሠራ ይሁን።