የሚያድን ግን ጥንቃቄ የሚሻ መድኃኒት

ውድ እኅቴ፣

ጠዋት ደህና ሆኜ እነሣለሁ። ወደ ማታ ግን የዐይኔ ቆብ ይወርዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል፣ ልብስ ለማስጣት እጄ አልነሣ ይለኛል። ማዳም «ሰነፍሽ» አለችኝ። እኔም ድካም መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ «ማያስቴኒያ ግራቪስ» የሚባል በሽታ መሆኑን ነገረኝ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በሽታው ምንድን ነው?

አንቲቦዲ ሰውነታችን ተሕዋስያንን ለመዋጋት የሚያመርተው ነው። በዚህ በሽታ ግን ተሳስቶ የነርቭ መልእክት ወደ ጡንቻ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ስለዚህ ጡንቻ ሲሠራ ይደክማል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል።

መድኃኒቶቹ

ፒሪዶስቲግሚን ለጥቂት ሰዓታት ኃይል ይሰጣል እንጂ አንቲቦዲውን አይቀንስም። አንቲቦዲው እንዲቀንስ የሚያደርጉት እንደ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ያሉት ናቸው። እነዚህ ግን ከበሽታ የሚጠብቀንንም አቅም አብረው ያዳክማሉ።

እኔ «ተሻለኝ» ብዬ ለወራት የወሰድኩትን ፕሬድኒሶሎን በአንድ ቀን ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ ውኃ መዋጥ አቃተኝ፤ ሆስፒታል ገባሁ። ከዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ።

1. በራስሽ አታቋርጪ። ፕሬድኒሶሎን የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው። ክኒኑ ሳያልቅ ከአንድ ሳምንት በፊት ተናገሪ። ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰጂው። ጾም የታመመን ሰው አያስገድድም፤ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

2. ትኩሳት፣ ሳል ወይም የሚያመረቅዝ ቁስል ካለሽ በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ። ቲቢ ይዞሽ የሚያውቅ ከሆነ ሕክምናውን ሳትጀምሪ ተናገሪ።

3. አዛታዮፕሪን ጉበትንና ነጭ የደም ሴሎችን ሊጎዳ ይችላል። ደህና ብትሆኚም የደም ምርመራ ቀጠሮሽን አታሳልፊ።

4. ማዳም ወይም ጓደኛ የሰጠችሽን ክኒን ዝም ብለሽ አትዋጪ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ጄንታማይሲንና የማግኒዚየም መርፌ ድካሙን ሊያብሱት ይችላሉ። እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶችንም ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትውሰጂ።

5. ለመውለድ ካሰብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ማይኮፌኖሌትና ሜቶትሬክሴት ፅንስን ይጎዳሉ።

6. የበሽታውንና የመድኃኒቶችሽን ስም በዐረብኛ አስጽፈሽ ሁልጊዜ ያዢ። አንደበትሽ ቢደክም ወረቀቱ ይናገርልሻል።

አትጠብቂ!

ስትተኚ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ምራቅሽን መዋጥ ካቃተሽ ወይም ድምፅሽ እየጠፋ ከሄደ ማዳም እስክትመጣ አትጠብቂ። አምቡላንስ ጥሪ፦ ሊባኖስ 140፣ ሳውዲ ዐረቢያ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ዮርዳኖስ 911።

እኅቴ፣ መታመም ነውር አይደለም። እኔ ዛሬ መድኃኒቴን በሰዓቱ እየወሰድኩ፣ ሲደክመኝ እያረፍኩ እሠራለሁ። እግዚአብሔር ያበርታሽ።