ፊት የሚሮጥ ሰው

ከየካ ወይም ከኮተቤ ተነሥቶ በማለዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ተራራ የወጣ ሰው፤ በባሕር ዛፉ መካከል እንደ ጉንዳን ተከታትለው የሚሮጡ ወጣቶችን ሳያይ አይመለስም። ልብ ብሎ የተመለከታቸው እንደ ሆነ ግን እሽቅድምድም አለመሆኑን ይረዳል። ፊት ያለው መንገድ ይመርጣል፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ በዛፎቹ መካከል ይጠማዘዛል። የተከተሉት ሰዎች የሚያዩት መንገዱን ሳይሆን የቀዳሚያቸውን እግር ነው። ድንጋይ ወይም ጉቶ ያጋጠመው እንደ ሆነ በእጁ ያመለክታቸዋል። ዝም ብሎ ቢዘልለው እርሱ ይድናል፤ አምስተኛው ሰው ግን ይሰናከላል።

መሪ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድምፁ የጎላ፤ ትእዛዙ የማይመለስ ሰው ነው። በምናስተምርባቸው ትምህርት ቤቶች እንኳ የክፍል አለቃ ሲመረጥ ተማሪዎቹ የሚጠቁሙት ብዙ ጊዜ ጉልበተኛውን ነው፤ (መምህሩም ጸጥታ ስለሚያገኝ አይቃወምም)። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚያ ጫካ ግን ጩኸት ትንፋሽ ከመጨረስ በቀር አይረባም። መሪው የሚታመነው ከኋላው ስላሉት እግሮች በማሰቡ ነው።

በዚሁ በእንጦጦ ዳገት ከሮጡት መካከል ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የማያውቅ የለም። ከ1985 እስከ 1991 ዓ.ም. በተደረጉት አራት የዓለም ሻምፒዮናዎች በ10000 ሜትር አሸንፏል፤ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክም የወርቅ ሜዳልያ አግኝቷል። እኔን ግን ከእነዚህ ሁሉ ድሎች ይልቅ የሚያስደንቀኝ የተሸነፈበት ቀን ነው። በነሐሴ ወር 1995 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ከቀነኒሳ በቀለና ከስለሺ ስሕን ጋር ተሰለፈ። የሩጫው ግማሽ ካለፈ በኋላ ኢትዮጵያውያኑ ዙሩን አከረሩት፤ ሁለተኛውን 5000 ሜትር ከ13 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨረሱት። ኃይሌ ፊት ሆኖ ሲጎትት፤ ከጀርባው ያለው የ21 ዓመት ወጣት በመጨረሻው ዙር ምን ዓይነት ፍጥነት እንዳለው አላጣውም። ቢሆንም ጉልበቱን አልቆጠበም። ቀነኒሳ 1ኛ፤ ኃይሌ 2ኛ፤ ስለሺ 3ኛ ሆነው ገቡ።

በዓመቱ፤ ማለት ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፤ ሦስቱም በአቴንስ ኦሊምፒክ እንደገና ተገናኙ። ኃይሌ የተረከዙ ጅማት ታሞበት ልምምዱ ተጓድሎ ነበር። ሩጫው እየከረረ ሲሄድ ወደ ኋላ ቀረ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ወጣቶች ዞር ዞር እያሉ ተመለከቱት፤ ፍጥነታቸውንም ቀንሰው ጠበቁት። በኦሊምፒክ የመጨረሻ ውድድር፤ ሌሎች ተወዳዳሪዎች አጠገባቸው ሳሉ፤ ወርቁ ከእጃቸው ሊወጣ ይችል ነበር። ይህን አድርጉ ብሎ ያዘዛቸው ድምፅ ከሜዳው አልተሰማም።

አንዳንዶች መጠበቃቸውን እንደ የዋህነት ይቈጥሩታል። እኔ አልስማማም፤ ነገር ግን ያለ ልክ ቢጠብቁት ኖሮ ለኃይሌም ክብር አይሆንም ነበር። ለመሪያቸው የሚገባውን ከሰጡ በኋላ ትተውት መሄዳቸውም የዚያው እምነት ክፍል ነው፤ የሚታመን መሪ ቡድኑን በራሱ ሕመም አስሮ አያስቀምጥምና። ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰኮንድ 1ኛ፤ ስለሺ 2ኛ ወጡ። ኃይሌ ሕመሙን ችሎ 5ኛ ሆኖ ገባ።

ከአራት ዓመት በኋላ በቤጂንግ ኦሊምፒክ ሦስቱም በ10000 ሜትር አንድ ላይ ተሰለፉ። ቀነኒሳና ስለሺ እንደ አቴንሱ 1ኛና 2ኛ ሆኑ፤ የ35 ዓመቱ ኃይሌም 6ኛ ወጣ።